ሙሽሮች የሚቆሙበት ድንጋይ

ለሦስተኛ ዲግሪዬ የመረጥኩት ርዕስ የሐይቅ ውሃ ነበር። ከደሴ ወደ ሰሜን በሚኒባስ ብዙም የማይርቀው፣ ከተማውም ውሃውም በአንድ ስም ሐይቅ የሚባለው ማለቴ ነው። ይህ ውሃ መውጫ ወንዝ የለውም። የሚሞላው በዝናብና ከዙሪያው ተራራ በሚወርድ ጎርፍ ነው፤ የሚጎድለው ደግሞ ፀሐይ ስትመጠው ነው። ክረምቱ በሰጠ ዓመት ዳሩ ወደ ማሳው ይገፋል፤ ዝናብ ሲያጥር ይሸሻል። ገዳሙ ያለበት መሬት ድሮ ደሴት ነበር ይባላል፣ ዛሬ በእግር ይገባበታል። እኔ ማወቅ የፈለግሁት የዝናቡ መዋዠቅ ዳሩን ምን ያህል እንደሚያንቀሳቅሰው ነበር። ውሃው ሲሸሽ ተከትለው የሚያርሱ ገበሬዎች አሉ፤ ውሃው ሲመለስ ሰብላቸው ይዋጣል። ለእነሱ የሚሆን አንድ ነገር እናገራለሁ ብዬ አስቤ ነበር።

ሥራው የተደናቀፈው በአንድ ብረት ምክንያት ነው። በውሃው ዳር ባለ ቁጥር ዘንግ ቆሞ ነበር። ለዚያ የተቀጠረ ሰው በየቀኑ እየሄደ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር ይመዘግባል። ጦርነቱ ሲደርስ ሰውየው ቤተሰቡን ይዞ ወጣ። ሲመለስ ዘንጉ የለም። ማን እንደነቀለው የሚያውቅ አልተገኘም፤ በዚያ ጊዜ ስንት ነገር ተነቅሏል። አዲሱ እስኪተከል ድረስ ብዙ ጊዜ አለፈ። ስለዚህ እኔ ወረቀት ላይ የሣልኩት መስመር ሲወጣ ሲወርድ ይመጣና ድንገት ይቋረጣል። ከዚያ ባዶ ነው። ከዚያ ሌላ ከፍታ ላይ ምንም እንዳልተፈጠረ እንደገና ይጀምራል።

አማካሪዬ ጡረታ የወጡ፣ ግን ቢሯቸውን መልቀቅ ያልቻሉ ሽማግሌ ናቸው። ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ባዶውን በስሌት መሙላት ትችያለሽ» አሉኝ። «ማንም አይከለክልሽም። ግን ሞልተሽ ስትጨርሺ የምታይው የራስሽን ስሌት እንጂ ሐይቁን አይደለም።»

የሳተላይት ምስል ሞከርኩ። በክረምት ደመናው ሁሉን ነገር ይሸፍነዋል። በበጋም ቢሆን ዳሩ ገደል በሆነበት በኩል ውሃው በሰው ቁመት ቢወርድ እንኳ ከሰማይ ሲታይ ንቅንቅ ያለ አይመስልም። ገዳሙ አካባቢ ሄጄ መነኮሳቱን ጠየቅሁ፤ ዓሣ የሚያጠምዱትንም ጠየቅሁ። ሁሉም ያስታውሳሉ፣ ግን አንዱ «እዚህ ድረስ ነበር» ሲል ሌላው አሥር እርምጃ ወዲያ ሄዶ ይቆማል። ክፋት የለባቸውም። ሰው በጦርነት ጊዜ የውሃ ዳር አያይም።

መፍትሔው የመጣው እንግድነት በሄድኩበት ቤት ነው። ደሴ ሸዋ በር የምትኖር የአክስቴ ልጅ ወልዳ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ገንፎው እስኪቀርብ ብላ የሰርግ አልበሟን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። የሰው አልበም ሲሰጥሽ ቀስ ብለሽ እያደነቅሽ መግለጥ ነው፣ እኔም እንደዚያው አደረግሁ። መሃሉ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። እሷና ባሏ በሐይቁ ዳር በአንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ አጠገብ ቆመዋል። ድንጋዩን አውቀዋለሁ። መሃሉ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ስንጥቅ አለው፤ ለልኬት በሄድኩ ቁጥር ምሳዬን የምበላው እዚያ ላይ ተቀምጬ ነው። እኔ በማውቀው ጊዜ ውሃው የስንጥቁን ግማሽ ይሸፍናል። በፎቶው ላይ ግን ስንጥቁ እስከ ታች ይታያል፤ ከሥሩም ጭቃ አለ።

«ቀሚሱ አያምርም?» አለችኝ የአክስቴ ልጅ።

«በጣም ያምራል» አልኩና የሰርጓን ቀን በደንብ ጠየቅኋት። ዘንጉ በጠፋበት ጊዜ ውስጥ ነው።

ከደሴም ከኮምቦልቻም የሚያገባ ሰው ፎቶ ለመነሳት ወደ ሐይቅ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ቅዳሜና እሁድ መንገዱ በአበባ በተሸፈኑ መኪኖች ይሞላል። ክላክሱ ያስቸግረኝ ነበር። ያን ዕለት ግን ወደ ቤቴ ስመለስ ያሰብኩት እነዚያ ሁሉ ሙሽሮች ሳያውቁት ዘንጉን ተክተው ኖረዋል ብዬ ነው። ፎቶው ቀን አለው፤ ድንጋዩም ከቦታው አይነቃነቅም።

የአክስቴን ልጅ ያነሳት ፎቶ አንሺ ኮምቦልቻ ነው ያለው። በማግስቱ ወረድኩ። ደሴ ጉም ለብሳ፣ እኔም ካፖርቴን ደርቤ ወጥቼ፣ ኮምቦልቻ ስደርስ ሙቀቱ ካፖርቱን ክንዴ ላይ አሸከመኝ። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ግድግዳው ሁሉ ሙሽራ ነው። ሰውየው ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ጢሙን በሒና ያቀላ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሙስሊም ነበር። የመጣሁበትን ነገር አስረዳሁት። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

«እና ሙሽሮቹን አትፈልጊያቸውም?»

«ድንጋዩን ነው የምፈልገው። ድንጋዩንና ውሃውን።»

ሳቀ። ከዚያ በጦርነቱ ጊዜ ሱቁ ተሰብሮ መብራቶቹና ኮምፒውተሩ እንደሄዱ፣ እሱ ግን ከከተማው ሲወጣ ፎቶዎቹ ያሉበትን ሃርድ ዲስክ በደረት ኪሱ ይዞ እንደወጣ፣ ከተመለሰ ወዲህ ያነሳውንም እዚያው ላይ እንደሚያስቀምጥ ነገረኝ። ሚስቱ ካሜራውን ትተህ ይህን ቆርቆሮ ትይዛለህ ብላ ተቆጥታው ነበር። «ካሜራ ይገዛል፤ ሰርግ ከየት ይገዛል?» አለኝ።

ፎቶዎቹን ግን ዝም ብሎ አልሰጠኝም። ያነሳሁት እኔ ብሆንም ፊቱ የእነሱ ነው፣ የሰው ሚስት ለማያውቁት ሰው አይሰጥም አለ። እኔም ልክ መሆኑን አመንኩ። ስለዚህ እዚያው ተቀምጠን በዚያ ጊዜ ያገቡትን ደንበኞቹን እየደወለ ፈቃድ ይጠይቅልኝ ጀመር። አብዛኞቹ ነገሩ ሲገባቸው ሳቁ፤ ውሰዱት አሉ። አንዷ ከባሏ ከተለያየች ቆይታ ኖሮ «እሱን ቆርጠህ ድንጋዩን ስጣት» ብላ ዘጋችው። እንደዚያው አደረገ።

አንድ ቁጥር ላይ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ። የያዘው ቁጥር የባልየው ነበር፤ ያነሳችው ሴት ናት። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ባልሽን አቅርቢልኝ አላት። ጥቂት ሰማና «ኢና ሊላሂ» አለ፣ ወንበሩን ስቦም ተቀመጠ። አላህ ይርሐመው እያለ፣ አልሰማሁም ነበር እያለ ብዙ ይቅርታ ጠየቃት። ሊዘጋ ሲል እሷ ናት ለምን እንደደወለ የጠየቀችው። ነገራት። ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋው።

«ፎቶውን ከፈለጉት ቤት ይምጡ» አለችኝ። ድምፁ የወጣት ነው። «በስልክ አይሆንም።»

ቤቷ ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ሽቅብ በሚወጣው ሰፈር ነው። ባጃጁ እስከ ግማሽ አድርሶኝ የቀረውን በእግሬ ወጣሁ። በሩን የከፈቱልኝ እናቷ ናቸው፤ ረጅምና ቀጭን፣ ሻርፓቸውን እስከ ግንባራቸው ያሰሩ ሴት። እሷ ከኋላቸው ቆማለች። ሃያዎቹን ያልጨረሰች ልጅ ናት። ባሏ ከኮምቦልቻው ደረቅ ወደብ ዕቃ እየጫነ ወደ ላይ የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። ከተጋቡ ዓመት ሳይሞላቸው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ አለው። ይህን የነገሩኝ እናቷ ናቸው፤ እሷ ሻይ ልታመጣ ስትወጣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ፎቶው ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ ፊቱ ወደ ግድግዳ ዞሮ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ ነበር። እያየች ሌት ተቀን ስታለቅስ ያወረዱት እናቷ ናቸው። ልጅቱ አወጣችው፤ ጨርቁን ፈትታም አልጋው ላይ አጋደመችው። ባለ ፍሬም ትልቅ ፎቶ ነው። እሱ ይስቃል፣ እሷ ወደ መሬት ታያለች፤ ድንጋዩ ከጀርባቸው ነው። እኔ ግን የምፈልገው አልነበረም። ፎቶው ከጉልበታቸው በታች ተቆርጧል፤ ውሃው በጎን ቢታይም ዳሩ የት ጋ እንደሆነ አይለይም። ፊቴ ላይ ሳይነበብ አልቀረም።

«ምን ጎደለው?» አለችኝ።

የውሃው ዳር እንደማይታይ ነገርኳት።

«እሱን እኔ እነግርዎታለሁ። እግራችን ሥር ነበር። የቀሚሴ ጫፍ ረጥቧል። ተሸክሞኝ ውሃው ውስጥ ገባ።»

እናቷ ከበሩ አጠገብ «አልረጠበም» አሉ። ቁጣ የለበትም፣ ስልችት ያለው ድምፅ ነው። «ቀሚሱ የኪራይ ነው፤ ለባለቤቱ የመለስኩት እኔ ነኝ። በእጄ ዳስሼ ነው ያጣጠፍኩት፣ ደረቅ ነው። ይህን ማለት የጀመረችው እሱ ከሞተ ወዲህ ነው፣ ልጄ። ያልሆነውን ሆነ ትላለች።»

ልጅቱ አልተከራከረችም። ፎቶውን ማየቷን ቀጠለች። ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ እንደተባባሉት ያስታውቃል። ትንሽ ቆይታ ወደ ቦታው ብወስዳት የቆሙበትን ልታሳየኝ እንደምትችል ነገረችኝ። እናቷ መጀመሪያ እምቢ አሉ፤ ተመልሳ ልትታመምብኝ ነው አሉ። ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ ሰው አብሯት ካለ ትሂድ አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት አብረን ሄድን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር፤ ውሃው ሞልቶ በዳሩ የበቀለውን ፊላ እስከ አንገቱ ውጦታል። ጥቁሩ ድንጋይ እስከ ስንጥቁ ግማሽ ተሸፍኗል። እኔ ባለ ሦስት እግሩን የከፍታ መለኪያ ዳገቱ ላይ ተከልኩ። ሌላ ጊዜ ባለ ቁጥሩን ረጅም እንጨት የሚይዝልኝ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ፣ ያን ቀን አልመጣም። «ልያዝልዎት» አለች ልጅቱ። እንዴት ቀጥ አድርጎ መያዝ እንዳለባት አሳየኋት። ጫማዋን አውልቃ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አደረገችና ገባች።

በእግሯ እየዳበሰች ነበር የምትሄደው። ከድንጋዩ ትንሽ ራቅ ብላ፣ ውሃው ጉልበቷን ሲያልፍ ቆመች።

«እዚህ ነው» አለችኝ። «ሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። እሱ እዚህ ላይ አቆመኝ፤ የዚያን ጊዜ ነው ጫፉ የረጠበው። ሲስቅ ሚዛኑን ሊስት ነበር።»

እንጨቱን ቀጥ አድርጋ ያዘች። እኔ ቁጥሩን አነበብኩ። ጨርሻለሁ ብያት እንኳ አልወጣችም። እንጨቱን እንደያዘች ቆመች። እኔም ዕቃ የምሰበስብ መስዬ ተውኳት። ስትወጣ ፊቷ ረጋ ያለ ነበር፤ እግሯን በሻርፓ ጠረገችና ርቦኛል አለች። ከተማው ገብተን የተጠበሰ ዓሣ በላን። ስለ ባሏ ብዙ አወራችኝ። ጭነት ይዞ ሲያልፍ ከቤታቸው በታች ባለው መንገድ ላይ ክላክስ አሳጥሮ ሁለቴ ይነፋ እንደነበር፣ እሷም ያን ከሰማች በኋላ ወጥ ታሞቅ እንደነበር ነገረችኝ።

ችግሩ ቤቴ ገብቼ ስሌቱን ስሠራ መጣ። እሷ ያሳየችኝ ቦታ የውሃው ዳር ከነበረ፣ ሐይቁ በዚያ ሳምንት ድንገት ወርዶ ነበር ማለት ነው። በዚያው ሳምንት የተጋቡ የሌሎች ሙሽሮች ፎቶ ግን ነበረኝ፤ በእሱ ላይ ውሃው ከዚያ በስንዝር ከፍ ይላል። በበጋ ወራት ፀሐይ ብቻዋን ሐይቅን በአንድ ሳምንት ስንዝር ልታጎድለው አትችልም። ከሁለት አንዱ ስህተት ነው፤ ፎቶ ደግሞ አያልምም። እናቷ ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ አሰብኩ። ልኬቱን ከሥራዬ ማውጣት ቀላል ነው። የከበደኝ ልጅቱን ምን እላታለሁ የሚለው ነው። ምንም ባልላትስ? አማካሪዬን ሳማክራቸው በመጀመሪያ ያልተቆረጠውን ፎቶ ፈልጊ አሉኝ። እኔ ያላሰብኩት ነገር ነበር።

እንደገና ኮምቦልቻ ወረድኩ። ፎቶ አንሺው ሃርድ ዲስኩን ከፍቶ ዋናውን ፈለገና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረ። ፎቶው ሙሉ ነው፣ እስከ ጫማቸው ይታያል። ቆመው የነበረው ደረቅ ጠጠር ላይ ነው። የውሃው ዳር ከእግራቸው በታች፣ ራቅ ብሎ ነው። ከሌሎቹ ሙሽሮች ፎቶ ጋር ልክ ይገጥማል።

«ደረቅ ነው» አልኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አዘንኩ። «እሷ ግን ቀሚሴ ረጥቧል ነው የምትለው።»

«ረጥቧላ» አለ ሰውየው፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

ዞር ብዬ አየሁት።

«ይሄ ካለቀ በኋላ ነው። ሌላ ሰርግ ይጠብቀኝ ነበርና ካሜራዬን ከትቼ ወደ መኪናው ወጥቻለሁ። ዞር ስል ልጁ ተሸክሟት ወደ ውሃው ይወርዳል። ቀሚሱ የሰው ነው ብዬ ጮህኩበት። ወላሂ አልሰማኝም። አንድ ድንጋይ ላይ አቆማት። ሲመለሱ ጫፉ ረጥቦ ነበር። በመኪናው መስኮት አውጥተን እንደ ባንዲራ እያውለበለብን ነው ያደረቅነው፣ ደሴ እስክንደርስ።» «ካሜራውን ማውጣት ነበረብኝ» አለ።

ነገሩ ቀላል ነው። እሷ የምታስታውሰው ቦታ ዳሩ አልነበረም። ከዳሩ አልፎ ውሃው ውስጥ የነበረው ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ያ ድንጋይ ያን ጊዜ ከውሃው ወለል ስንዝር ያህል ዝቅ ይል ነበር፤ የቀሚሷ ጫፍ የነካው ለዚያ ነው። እኔ ደግሞ ውሃው ውስጥ ገባ እያለችኝ፣ ድንጋዩን የውሃው ዳር አድርጌ አስልቼዋለሁ። እንደገና ስሠራው ከፎቶው ጋር በጣት ልክ ተቀራረበ።

በስልክ ልነግራት ነበር። ፎቶ አንሺው ግን አብሬሽ እሄዳለሁ አለ፤ ለቅሶ እንኳ አልደረስኩም አለ። ያልተቆረጠውን ፎቶ አሳትሞ ይዞ መጣ። እናቷ ደንግጠው አስገቡን። ተቀምጦ ዱዓ አደረገ፤ ሁሉም አሚን አሉ። ከዚያ ለእናትየው ነው የነገራቸው፣ ወደ እሷ ሳያይ። ልጁ ሲሸከማት፣ እሱ ሲጮህ፣ ድንጋዩ ላይ ሲያቆማት፣ ቀሚሱ በመስኮት ሲደርቅ።

 «እኔኮ ደረቅ ነው ያገኘሁት» አሉ እናትየው።

«ልክ ነዎት፣ ደርቆ ነበር» አላቸው።

ልጅቱ ወደ ፎቶ አንሺው ዞረች። ከዚያ እሱ ሲሸከመኝ ምን ሲል ሰማህ ብላ ጠየቀችው። ከሩቅ ስለነበረ ቃሉን አልሰማም፤ ሳቁን ግን ሰምቷል። እንደገና ንገረኝ አለችው። ነገራት። እናቷ ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ በእጃቸው መዶሻና ሚስማር ይዘዋል። አዲሱን ፎቶ የት ጋ እንደምትፈልገው ጠየቋት።

ጥናቴን ስከላከል ከፈታኞቹ አንዱ የሰርግ ፎቶ እንዴት መረጃ ይሆናል ብሎ ጠየቀኝ። ድንጋዩን፣ ቀኑን፣ ልኬቱን አስረዳሁ፤ ስህተቱ እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችልም ተናገርኩ። ብዙ አከራከረኝና አለፈ። ባዶ የነበረው የመስመሩ ክፍል አሁን ነጠብጣቦች አሉት። ሁሉም አልሞላም። ጦርነቱ ከተማዋ ውስጥ በነበረባቸው ሳምንታት ማንም አላገባም፤ እዚያ ላይ መስመሩ እንደተቋረጠ ነው፤ እንዲሁ ተውኩት። ለገበሬዎቹ ያልኩት ብዙ አይደለም። ውሃው የሸሸበት መሬት ላይ ቶሎ የሚደርስ ነገር ዝሩ፣ ዛፍ ግን አትትከሉ፤ ውሃው መቼ እንደሚመለስ መናገር ባልችልም ደጋግሞ እንደተመለሰ ግን አይቻለሁ አልኳቸው። አንዳንዶቹ ሰሙኝ። አንዳንዶቹ መሬቱን እስካገኙ ድረስ ምን ምርጫ እንዳላቸው ጠየቁኝ።

ልጅቱን አሁንም አልፎ አልፎ አገኛታለሁ። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥራለች፤ በሠራተኛ አውቶቡስ በየቀኑ ያንኑ ቁልቁለት ትወርዳለች፣ ትወጣለች። ባለፈው ደሴ ፒያሳ ተገናኝተን መንገዱ እንዴት ሆነልሽ አልኳት። «መጀመሪያ ሰሞን እሱ የሞተባት መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ዓይኔን እጨፍን ነበር» አለችኝ። «አሁን ግን ሥራው ስለሚያደክመኝ ከደሴ ሳንወጣ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ኮምቦልቻ ስንደርስ ነው የሚቀሰቅሱኝ።»